የንጉሥ ፍቅር በማኅተም ሲጸድቅ

ዛሬ የምነግራችሁ ስለ አንዲት እንግሊዛዊት ሴት ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ ወደ እኛው ለመመለስ አትድከሙ።

በሜይ 21 ቀን 1662 ሳሙኤል ፒፕስ የሚባል የባሕር ኃይል መሥሪያ ቤት ሹም ለንደን ውስጥ በኋይትሃል ቤተ መንግሥት የአትክልት ቦታ በኩል ሲያልፍ የሴት የውስጥ ልብስ ተሰጥቶ ያያል። ከታች ዳንቴል የዞረበት ምርጥ በፍታ ነው። ፒፕስ ባለትዳር ነው፣ ለሥራውም ትጉህ ነው፤ ግን ዐይኑን ሊነቅል አልቻለም። የዕለት ማስታወሻውን የሚይዘው ሌላ ሰው በቀላሉ እንዳያነበው በአጭር ጽሕፈት ነበርና፣ እንዲህ ያለ ያማረ ልብስ አይቶ እንደማያውቅና ማየቱ ብቻ ደስ እንዳሰኘው ያለ ሐፍረት አሰፈረ። የልብሱ ባለቤት ባርባራ ፓልመር ነበረች፤ የአባቷ ቤት ስሟ ባርባራ ቪሊርስ ነው። የሰው ሚስት ናት፤ የንጉሡም ውሽማ ናት። በዚያው ዕለት ንጉሥ ቻርልስ ሁለተኛ ፖርትስመዝ በምትባለው የወደብ ከተማ ከፖርቱጋል የመጣችለትን ልዕልት፣ የብራጋንዛዋን ካትሪንን፣ እያገባ ነበር።

ፒፕስ ያን ቀን ሌላም ወሬ ሰምቷል። ከጥቂት ቀናት በፊት የንግሥቲቱ መምጣት ተነግሮ ከተማው ደስታውን ሲገልጽ፣ በየደጁ እንደ ደመራ እሳት ሲለኮስ፣ በዚያ መንገድ ላይ በባርባራ ደጅ እሳት አልነደደም። ንጉሡ ግን ከውስጥ ነው። ሁለቱ ሚዛን ላይ ወጥተው ክብደታቸውን ሲለኩ አመሹ፤ እርሷ ነፍሰ ጡር ስለነበረች ሚዛኑን የደፋችው እርሷ ናት ተባለ።

እንዲህ ያለው ወሬ ለጆሮ ይጥማል፤ ከሦስት መቶ ስድሳ ዓመት በላይ ሲወራ የኖረውም ስለሚጥም ነው። እኔ ግን ዛሬ ከአልጋው ይልቅ ወረቀቱን ላሳያችሁ እፈልጋለሁ። በዚያ ዘመን እንግሊዝ የንጉሥ ውሽማ መሆን ውል የሌለው ሥራ ነበር። ገቢው ብዙ ነው፤ ማረፊያ ቤት አለው፣ ሹመትና ማዕረግ አለው። ነገር ግን ንጉሡ አንድ ቀን ፊቱን ቢያዞር አቤት የሚባልበት ዳኛ የለም። ባርባራ ይህ ቀድሞ የገባት ሴት ነበረች። ስለዚህ ዕድሜዋን ሙሉ የንጉሡን ቃል ወደ ጽሕፈት፣ ጽሕፈቱን ወደ ማኅተም፣ ማኅተሙን ወደ ገንዘብ ስትለውጥ ኖረች።

የተወለደችው በ1640 ነው። አባቷ ዊልያም ቪሊርስ፣ የግራንዲሰን ቫይካውንት፣ በእርስ በርሱ ጦርነት ከንጉሡ ወገን ቆሞ ሲዋጋ ብሪስቶል ላይ ቆስሎ በ1643 ሞተ። ለልጁ የቀረላት ትልቅ ስምና ባዶ ካዝና ነው። የቻርልስ አባት በ1649 አንገቱ ተቀላ፤ አገሪቱን ኦሊቨር ክሮምዌል ገዛ፤ የንጉሡ ወገኖች ድህነትና ስደት ተካፈሉ። እንግዲህ ይህቺን ሴት ገንዘብ ወዳድ ነበረች ብሎ ለመውቀስ ለሚቸኩል ሰው (እኔም ነበረች እላለሁ) በልጅነቷ ምን እንዳየች ማስታወስ አይከፋም። ለንጉሥ ታማኝ መሆን አባቷን ገድሎ ቤታቸውን አራቁቷል።

በ1659 ሮጀር ፓልመር የሚባል ጸጥተኛ የካቶሊክ ወጣት አገባች። በዓመቱ፣ በሜይ 29 ቀን 1660፣ ሠላሳ ዓመት በሞላው ዕለት፣ ቻርልስ በእልልታ ለንደን ገባ። ከዘጠኝ ወር በኋላ ባርባራ የመጀመሪያ ልጇን አንን ወለደች። ሒሳቡን ለእናንተ እተወዋለሁ፤ ያን ጊዜም ለንደን ሲያሰላው ነበር።

በ1661 መጨረሻ ባልየው የካስልሜይን ኧርል ተብሎ ተሾመ። ከዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የሴትዮዋ ብልሃት መጀመሪያ የሚታየው እዚህ ነውና። የሹመቱ ደብዳቤ ማዕረጉ የሚወርሰው ከባርባራ ለሚወለዱ ወንዶች ልጆች ብቻ እንደሆነ ይናገራል። እሷ ብትሞትና ሰውየው ሌላ ሚስት ቢያገባ ከዚያችኛዋ የሚወለደው ልጅ ኧርል አይሆንም። ማለት፣ ባልየው የተሾመው በሚስቱ ሥራ እንደሆነ በንጉሥ ደብዳቤ ተጽፎ በአደባባይ ተነገረው። ሁለተኛው ነገር፣ ማዕረጉ የእንግሊዝ ሳይሆን የአየርላንድ ነበር። ምክንያቱም የእንግሊዝን ታላቅ ማኅተም የያዘው ክላረንደን ነው። ሥራው በእኛ አገር ጸሐፌ ትእዛዝ ይባል የነበረውን ሹመት ይመስላል፤ እሱ ያላተመበት የንጉሥ ስጦታ በሕግ ፊት አይቆምም። ክላረንደን ንጉሡን ከስደት ጀምሮ ያገለገለ፣ ወግ አጥባቂ፣ ምክሩ የሚረዝም ሽማግሌ ነበር። የባርባራ ስም ያለበትን ወረቀት በማኅተሙ ሥር ማሳለፍ አይፈልግም፤ ሚስቱም ከእርሷ ጋር መታየት አትወድም። የአየርላንድ ማኅተም ግን ሌላ ነው። በፊት ለፊት በር የተከለከለችው ሴት በጓሮ በኩል ገባች።

በጁን 1662 ወንድ ልጅ ወለደች። ፓልመር ሕፃኑን በካቶሊክ ቄስ አስጠመቀው። ንጉሡ ሲሰማ ልጁ ዌስትሚንስተር ውስጥ ባለችው በቅድስት ማርጋሬት ቤተ ክርስቲያን በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት እንደገና እንዲጠመቅ አደረገ፤ በሥርዓቱ ላይም ራሱ ተገኘ። አንድ ሕፃን፣ ሁለት ጥምቀት፣ ሁለት አባት። ብዙም ሳይቆይ ባርባራ የቤቱን ዕቃ ጭና ከባሏ ቤት ወጣች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ክላረንደን ራሱ ጽፎት ቆይቶልናል። ንጉሡ ለአዲሷ ንግሥት የእልፍኝ ወይዘሮ የሚሆኑትን ሴቶች ዝርዝር አቀረበ። የባርባራ ስም አለበት። የእልፍኝ ወይዘሮነት ጌጥ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ደመወዝ አለው፣ በቤተ መንግሥት ማረፊያ ያሰጣል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ማንም ዘበኛ የማይመልሳት ሴት ያደርጋል። ካትሪን እንግሊዝኛ ባትችልም ያን ስም ታውቀዋለች፤ እናቷ ከሊዝበን ሳትነሣ አስጠንቅቃታለች። ብዕር አንሥታ ሰረዘችው።

ንጉሡ አልተወም። አንድ ቀን በሐምፕተን ኮርት ቤተ መንግሥት፣ መኳንንቱና ወይዛዝርቱ በተሰበሰቡበት፣ ባርባራን እጇን ይዞ አምጥቶ ለንግሥቲቱ አስተዋወቃት። ካትሪን ማንነቷን ስላላወቀች በፈገግታ ተቀበለቻት። ወዲያው ስሟ ሲነገራት ፊቷ ተለዋወጠ፤ እንባዋ ወረደ፣ አፍንጫዋ ደማ፣ ራሷን ስታ ወደቀች፤ ተሸክመው አወጧት። ንጉሡ ከማዘን ይልቅ ተቆጣ። በሰው ፊት ያዋረደችው እርሷ እንደሆነች ቆጠረው። ነገሩን ከባርባራ ሹመት ወደ ራሱ ሥልጣን አዞረው፤ በገዛ ቤቱ ማዘዝ የማይችል ንጉሥ ተብሎ ሊሳቅበት ነው።

እንግዲህ ንግሥቲቱን አሳምን ተብሎ የተላከው ማን ይመስላችኋል? ክላረንደን። ባርባራን እንደ እሳት የሚሸሸው ሽማግሌ ለባርባራ አማላጅ ሆኖ ሄደ። ንጉሡ በጻፈለት ደብዳቤ በዚህ ጉዳይ የእርሷ ጠላት ሆኖ የተገኘ ሁሉ ዕድሜ ልኩን የእሱም ጠላት እንደሚሆን አስጠንቅቆት ነበርና ምርጫ አልነበረውም። ከካትሪን ጋር የመጡት ፖርቱጋላውያን አብዛኞቹ ወደ አገራቸው ተሸኙ። የሃያ ሦስት ዓመቷ ንግሥት በሰው አገር ብቻዋን ቀረች። በጥሎሽ መልክ ታንጂርንና ቦምቤይን ለእንግሊዝ ያመጣች ሴት አንድ ስም ከዝርዝር ለማስወጣት አቅም አጣች። በሴፕቴምበር ፒፕስ ንጉሡን፣ ንግሥቲቱን፣ ባርባራንና ንጉሡ ከሌላ ሴት የወለደውን ጎረምሳ ልጁን በአንድ ሠረገላ ተሳፍረው ሲሄዱ አያቸው። ባርባራ በስተመጨረሻው የእልፍኝ ወይዘሮ ሆነች።

እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ የማዝነው ለካትሪን ነው። በባርባራ ላይ ግን ከሚገባው በላይ መፍረድ አልፈልግም። ዝርዝሩን የጻፈው ንጉሡ ነው፤ እጇን ይዞ ያመጣት ንጉሡ ነው፤ ደብዳቤውን የላከው ንጉሡ ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ንጉሡ ለባርባራ የሚሰጠው በቀጥታ በእርሷ ስም ብቻ አልነበረም። አንዳንዱ በአጎቶቿ ስም፣ በባለአደራነት ይጻፍላታል። ከፖስታ መሥሪያ ቤት ገቢ በየዓመቱ 4,700 ፓውንድ ተመድቦላት ነበር። የባሕር ኃይሉን ጽሕፈት ቤት የሚመራው ፒፕስ ደመወዙ በዓመት 350 ፓውንድ እንደነበረ ስታስቡ የገንዘቡ ክብደት ይሰማችኋል። እንግሊዛዊ ለእናቱ ደብዳቤ በላከ ቁጥር ከክፍያው ጥቂት ሳንቲም ወደ ባርባራ ጓዳ ይገባ ነበር ማለት ነው። ከዚህ በላይ ሹመት ፈላጊው ሁሉ መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእርሷን በር ነው፤ ባዶ እጁን የሚመጣም የለም። በ1668 ፒፕስ በሰማው ወሬ መሠረት በአንድ ሌሊት ቁማር 15,000 ፓውንድ በልታ በሌላ ሌሊት 25,000 ተበልታለች። ወሬ ወሬ ነው፤ ግን ሰው ያመነው ወሬ ነው።

ሁሉም ግን አልተገዛላትም። ደብሊን ከተማ አጠገብ ያለውን ፊኒክስ ፓርክን ከነቤቱ ንጉሡ ሊሰጣት ፈቅዶ ነበር። የአየርላንድ እንደራሴ የነበረው የኦርመንድ ዱክ ደብዳቤውን አላሳልፍም አለ። ከዚያ በኋላ ቤተ መንግሥት ውስጥ ሲገናኙ ባርባራ የስድብ መዓት አውርዳበት ተሰቅለህ ሳላይህ አልሙት ብትለው፣ እሱ በበኩሉ እኔ እንኳ ሞትሽን አልመኝም፤ አርጅተሽ ለማየት ያድርሰኝ እንጂ ብሎ መለሰላት ይባላል። ከዚህ የከፋ እርግማን ሊያገኝላት አይችልም ነበር። ፓርኩም ዛሬ ደብሊን ውስጥ የሕዝብ መናፈሻ ነው።

በዚህ ዓይነት ጠላት በዛባት። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ንጉሥን መስደብ አንገት በሚያስቀላበት አገር ሕዝብ ብሶቱን የሚያወርደው ከንጉሡ አጠገብ በተቀመጠው ሰው ላይ ነው። ሴት ስትሆን ደግሞ ይቀላል። በጁን 1667፣ እንግሊዝ ከሆላንድ ጋር ጦርነት ላይ ሳለች፣ የሆላንድ መርከቦች ሜድዌይ ወንዝ ገብተው የእንግሊዝን የጦር መርከቦች አቃጠሉ፤ ንጉሡን ከስደት ያመጣችውን «ሮያል ቻርልስ»ን ራሷን ጎትተው ወሰዷት። ለንደን በድንጋጤ ተናወጠች። ያን ሌሊት ንጉሡ የት ነበር ሲባል፣ ከባርባራ ጋር እራት ላይ ሆኖ አንዲት የእሳት ራት ሲያባርሩ አመሹ የሚል ወሬ ወጣ። መርከቦቹ ያለ በቂ መከላከያ ወንዝ ውስጥ የታሰሩት፣ መርከበኞቹም ደመወዝ ያጡት በገንዘብ እጦትና በመጥፎ አስተዳደር ነው። ሕዝብ የሚያስታውሰው ግን የእሳት ራቷን ነው።

የሚቀጥለው ዓመት ባሰ። በ1668 የፋሲካ ሰሞን የለንደን የእጅ ሥራ ተለማማጆች ተነሥተው የሴተኛ አዳሪ ቤቶችን አፈራረሱ። ትንንሾቹን ከምናፈርስ ትልቁን ኋይትሃልን ብናፈርስ ይሻል ነበር የሚሉም ነበሩባቸው። መንግሥት አመፁን እንደ አገር ክህደት ቆጥሮ አንዳንዶቹን በሞት ቀጣ። ወዲያው በከተማው የታወቁ የሴተኛ አዳሪ ቤት ባለቤቶች ለባርባራ ያቀረቡት የሚመስል የፌዝ አቤቱታ ታትሞ ተበተነ። በአክብሮት የተጻፈ ነው። የሙያችን ታላቅ እኅት ስለሆኑ፣ በሙያውም እንደ እርስዎ የከበረ ስለሌለ፣ ይጠብቁን ይላል። ባርባራ በጣም ተናደደች። እኔ ስለ ዘመኑ ካነበብሁት ሁሉ ይህ ጽሑፍ እጅግ የሰላ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም የንጉሡን ስም ሳያነሣ ንጉሡን ይመታል።

ክላረንደን ግን ቀድሞ ወድቋል። በኦገስት 1667 ማኅተሙን እንዲያስረክብ ታዘዘ። ንጉሡን ተሰናብቶ ሲወጣ እኩለ ቀን ገደማ ነበር። ባርባራ ገና ከአልጋዋ አልተነሣችም። መምጣቱን ስትሰማ በሌሊት ልብሷ ወፎቿን ወደምታኖርበት ሰገነት ሮጣ ወጥታ ሽማግሌው በአትክልቱ ቦታ ሲያልፍ እየሳቀች ተመለከተች። ክላረንደን ፈረንሳይ ተሰዶ እዚያው ሞተ። በእርግጥ የጣለችው እርሷ ብቻ አልነበረችም። የጦርነቱ ሽንፈት ተጠያቂ ይፈልግ ነበር፣ ፓርላማው ይጠላው ነበር፣ ንጉሡም ምክሩ ሰልችቶት ነበር።

የእርሷም ተራ ሩቅ አልሆነም። ንጉሡ መጀመሪያ ከተዋናይቷ ኔል ግዊን፣ ቀጥሎ ከብሬታኝ ከመጣችው ፈረንሳዊት ከሉዊዝ ደ ኬሩዋይ ጋር ዋለ። ባርባራ አልለመነችም፤ ሒሳቧን ዘጋች። በ1670 የክሊቭላንድ ዱቼስ ተብላ ተሾመች። ከንጉሥ ቤተሰብ ቀጥሎ ከዚህ የሚበልጥ ማዕረግ የለም፤ ይህም በባሏ በኩል የመጣ ሳይሆን በገዛ ራሷ ስም የተሰጠ ነው። ደብዳቤው ማዕረጉ ከእርሷ በኋላ ለልጆቿ እንደሚያልፍ ይደነግጋል። በ1673 ካቶሊኮችን ከመንግሥት ሥራ የሚያግደው ሕግ ሲወጣ የእልፍኝ ወይዘሮነቷ ቀረ፤ ከዐሥር ዓመት በፊት ወደ ካቶሊክ እምነት ገብታ ነበርና። ማዕረጉንና ገቢውን ግን ሕጉ አልነካውም።

ከማዕረጉ ጋር ነንሳች የሚባለው ቤተ መንግሥት ተሰጥቷት ነበር። ሄንሪ ስምንተኛ በ1538 ሰሬ በሚባለው አውራጃ ማሠራት የጀመረው፣ በእንግሊዝ አቻ የሌለው ሕንፃ ነው። ባርባራ በ1682 ዕዳ ሲጫናት አስፈርሳ ድንጋዩን፣ እንጨቱን፣ እርሳሱን ለየብቻ ሸጠችው። የኪነ ሕንፃ ወዳጆች እስከ ዛሬ ይረግሟታል። ይህን ይቅር ለማለት እኔም ያዳግተኛል።

እርሷም በበኩሏ ለንጉሡ ታማኝ አልነበረችም፤ ከወዳጆቿ መካከል የቲያትር ደራሲው ዊልያም ዊቸርሊ ይቆጠራል። ሌላው ጆን ቸርችል የሚባል ምስኪን ወጣት መኮንን ነበር። የመጨረሻዋን ልጇን በ1672 የወለደችው ከእሱ እንደሆነ ይታመናል። ቸርችል ከእርሷ ባገኘው ገንዘብ በ1674 በ4,500 ፓውንድ በየዓመቱ 500 ፓውንድ የሚያስገኝ የዕድሜ ልክ ገቢ ገዛ። የኋላ ኋላ የማርልቦሮ ዱክ የተባለው፣ የሉዊ ዐሥራ አራተኛን ጦር ያሸነፈው ሰው የሀብቱ መሠረት ይህ ነበር። ውሽማይቱ ከንጉሡ የተማረችውን ወጣቱ ከውሽማይቱ ተማረ።

ልጆቿን የተከለችው ግን ከሁሉ በላይ በጥንቃቄ ነው። ንጉሡ አምስቱን ልጆቼ ናቸው ብሎ አምኗል፤ ፊትዝሮይ የሚል ስም ተሰጣቸው፤ የንጉሥ ልጅ ማለት ነው። ሁለተኛውን ወንድ ልጅ ሄንሪን መጀመሪያ አላመነም ነበር፤ በኋላ አመነ። በ1672 ሄንሪ ገና ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላው ከአርሊንግተን ኧርል አንድያ ልጅ ጋር ተዳረ። ሙሽራዋ አምስት ዓመት እንኳ አልሞላትም፤ ከእርሷ ጋር ግን የአባቷ ርስት ሁሉ ይመጣል። ይህ ልጅ የግራፍተን ዱክ ሆነ፤ ከትውልዱ አንዱ በ1768 የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኗል፤ የዌልስ ልዕልት ዳያናም ከዚያው ሐረግ ትወለዳለች። ካትሪን ልጅ አልወለደችም። የቻርልስ ደም ወደ ዛሬ የደረሰው በሕግ ሚስቱ ሳይሆን በውሽሞቹ በኩል ነው።

የቀረኝ የመጨረሻው ታሪክ ነው። ሮጀር ፓልመር በጁላይ 1705 ሞተ። የስልሳ አምስት ዓመቷ ባርባራ በኖቬምበር 25 ቀን ሮበርት ፊልዲንግ የሚባል በመልኩ የታወቀ፣ ኪሱ የተራቆተ መኮንን አገባች። ሰውየው ገቢዋን ወሰደባት፣ መታትም። ኋላ ሌላ ነገር ወጣ። ፊልዲንግ ከሁለት ሳምንት በፊት፣ በኖቬምበር 9፣ አንዲት ባለጸጋ መበለት ያገባ መስሎት ነበር። ባለጸጋ የተባለችው ግን ሜሪ ዋድስወርዝ የምትባል ምንም የሌላት ሴት ናት፤ በአንዲት ፀጉር ሠሪ አማካይነት ተታሎ ያገባት። አታላዩ ተታልሏል፤ ጋብቻው ግን ጋብቻ ነው። ባርባራ በሰውየው ላይ ምስክር አሰባስባ ከሰሰች። በዲሴምበር 1706 በኦልድ ቤይሊ ፍርድ ቤት በሚስት ላይ ሚስት በማግባት ጥፋተኛ ተባለ፤ እጁን በጋለ ብረት ሊተኮስ ሲል ንግሥት አን ምሕረት አደረገችለት። በ1707 ሜይ የቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤት ጋብቻው ከመጀመሪያውም እንዳልነበረ አስታወቀ፤ ባርባራም ገንዘቧን በእጇ አደረገች።

በኦክቶበር 9 ቀን 1709 በቺዚክ በውሃ መቋጠር በሽታ ሞተች። ሁለት ጊዜ የተጠመቀው የበኩር ወንድ ልጇ ቻርልስ፣ በ1670ው ደብዳቤ መሠረት፣ የክሊቭላንድ ዱክ ሆነ።